ለእርግብ ጥሬ፣ ለጥንብ አንሳ መርዝ

በአምቦም ሆነ በጉደር፣ በጊንጪም ሆነ በሆለታ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ለእርግብ ጥሬ የሚበትን ሰው አይጠፋም። ጥንብ አንሳ ሲያይ ድንጋይ የማያነሳ ልጅ፣ «ሂድ ከዚህ!» ብሎ የማያባርር አዋቂ ማግኘት ግን ይቸግራል። ነገሩ በመውደድና በመጥላት ብቻ ቢያበቃ ብዕሬን አላነሳም ነበር። ሰው የወደደውን ይውደድ፣ የጠላውን ይጥላ። የእኛ ጥላቻ ግን ከልብ አልፎ ወደ እጅ ወርዷል፤ እጃችን ላይ ደግሞ መርዝ አለ። ጥንብ አንሳውን እየጨረስነው ነው። ካለቀ በኋላ የሚመጣውን ዕዳ የሚከፍሉት ልጆቻችን ናቸው። ይህን እያየሁ ዝም ማለት አልችልም።

እስቲ ሁለቱን ወፎች እንያቸው።

እርግቧ የእኛው የራሳችን ናት። በየከተማችን ጣሪያ ላይ የምናያት፣ መልኳ ጠቆር ያለ አመድማ፣ ከአንገቷ ኋላ ነጭ ምልክት ያለባት፣ ስትበር ክንፏ ላይ ነጭ ነገር ብልጭ የሚልባት ናት። ይህች ዝርያ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የለችም። ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል ለሳይንስ ያስተዋወቃት እ.ኤ.አ. በ1837 ነው። ተፈጥሮዋ ገደል ላይ ማደር ነው፤ ከተማ ውስጥ ግን የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ የድሮ ሕንፃ ጥግ፣ የድልድይ ሥር ገደል ይሆንላታል። ጠዋት በመንጋ ተነስታ ወደ ማሳና ወደ አውድማ ትወርዳለች። ጤፍና ስንዴ በሚወቃበት ወር ገበሬው ከሚያጣው እህል የእሷም ድርሻ አለበት፤ ያም ሆኖ ማንም አይከፋባትም። የኖኅን መርከብ፣ የዮርዳኖስን ጥምቀት እያስታወስን እናያታለን። በኦሮምኛም ጉጌ ብለን ስንጠራት ድምፃችን ይለሰልሳል። ይገባታል፤ እኔም እወዳታለሁ። ደግሞም ብዙ ናት፣ ቶሎ ትራባለች። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ስጋት ከሌለባቸው ዝርያዎች ተርታ አስቀምጧታል።

ጥንብ አንሳው ሌላ ፍጥረት ነው። በሀገራችን ስምንት ዓይነት ጥንብ አንሳ ይገኛል፤ ከከተሞቻችን ሰው ጋር ተላምዶ የሚኖረው ግን ከትንንሾቹ አንዱ የሆነው፣ ጥቁር ቡናማ መልክ ያለው፣ ከአናቱ እስከ ማጅራቱ ቆብ የደፋ የሚመስለው ነው። ክብደቱ ሁለት ኪሎ ገደማ ቢሆን ነው። ክንፉን ሲዘረጋ ግን ከአንድ ሜትር ተኩል ያልፋል። ፊቱ ላባ የለውም፤ ሮዝ ነው፣ ሲቆጣና ሲረበሽ ደም መስሎ ይቀላል። ምንቃሩ ቀጭን ነው። ትልልቆቹ ጥንብ አንሳዎች ቆዳ ቀደው፣ ሥጋ ጎምደው ሲሄዱ፣ ከአጥንት መሃል የቀረችውን ቅንጣቢ እየለቀመ የሚያጸዳው በዚህ ቀጭን ምንቃር ነው። ቆሻሻ ክምር ላይ፣ ቄራ ጣሪያ ላይ፣ የሥጋ ቤት ጓሮ ላይ የሚታየውም እሱ ነው። ልጅ ሆኜ በአምቦ ሰማይ ላይ ክንፉን ሳያራግብ ሲዞር የማየው ነበር፤ ዛሬ እሱን ፍለጋ አንጋጥጬ የምመለስበት ቀን በዝቷል።

አሁን ልብ የሚሰብረውን ልንገራችሁ። ይህ የምንንቀው ወፍ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ «ለመጥፋት እጅግ የተቃረበ» በሚባለው ደረጃ ላይ ነው። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ደረጃ ከተፈጥሮ መኖሪያው መጥፋት ነው። ጥቁር አውራሪስ ያለው በዚሁ ደረጃ ላይ ነው። የምንኮራበት፣ ቴምብር ላይ ያተምነው ቀይ ቀበሮ እንኳ በዚህ መዝገብ ከጥንብ አንሳው አንድ ደረጃ የተሻለ ቦታ አለው። ምክንያቱም መዝገቡ ስንት ቀረ የሚለውን ብቻ ሳይሆን በምን ፍጥነት እያለቀ ነው የሚለውንም ያያል፤ የጥንብ አንሳው አላለቅ ደግሞ ዘግናኝ ነው። ቀይ ቀበሮን ለማየት ሰው ከአውሮፓ ተነስቶ ባሌ ድረስ ይመጣል። ጥንብ አንሳው ግን በራችን ላይ ነው፤ እኛም ድንጋይ እንወረውርበታለን።

የዚህን ወፍ ሥራ ማወቅ የሚፈልግ የፋሲካን ማግስት ያስታውስ። በየሰፈሩ ቅርጫ ይጣላል፤ በሬው በየደጁ ይታረዳል። ሥጋው በመደብ ተከፋፍሎ ይገባል። ፈርሱስ? አንጀቱስ? ደሙስ? ቀንዱና ሸኾናውስ? ቆዳ እንኳ ዋጋ አጥቶ በየመንገዱ ሲጣል ካየን ቆይተናል። ያ ሁሉ ነገር ቱቦ ውስጥ፣ የሁሉቃ ወንዝ ዳር፣ የመንገድ ጥግ ላይ ይወድቃል። የማዘጋጃ ቤት መኪና እስኪመጣ የሚጠብቅ በሽታ የለም። ከመኪናው ቀድሞ፣ ደመወዝ ሳይጠይቅ፣ ጓንት ሳያደርግ የሚደርሰው ጥንብ አንሳው ነው። ጨጓራው ውስጥ ያለው አሲድ እጅግ ኃይለኛ በመሆኑ ሌላውን እንስሳ የሚጥል ብዙ ተሕዋስ እሱ ሆድ ገብቶ ይሞታል። የከብት ሬሳ ፀሐይ ላይ ተነፍቶ፣ ዝንብ ወርሶት፣ ጎርፍ ጠርጎት ወደ ውሃችን እንዳይገባ የሚከላከልልን ይህ ወፍ ነው። እርግቧ ስለ ሰላም ታስታውሰን ይሆናል። ከተቅማጥና ከእብድ ውሻ በሽታ ግን አታድነንም።

መርዙ የሚመጣው በውሻ በኩል ነው። የሀገራችን ከተሞች ለብዙ ዘመን የጎዳና ውሻን የቀነሱት ስትሪክኒን በሚባል መርዝ ነው። መርዙ ሥጋ ውስጥ ተከትቶ ማታ ይበተናል። ውሻው ይገታተራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ መተንፈስ አቅቶት ይሞታል። ጠዋት ሬሳው ተለቃቅሞ ከከተማ ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ ይጣላል። ሥራው አለቀ ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል። መርዙ ግን ከውሻው ጋር አልሞተም፤ እዚያው ጨጓራው ውስጥ እንዳለ ተቀምጧል። ጥንብ አንሳ ደግሞ መብላት የሚጀምረው ከለስላሳው፣ ከዓይንና ከሆድ ዕቃ ነው። ብቻውንም አይበላም፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው ከሰማይ አይቶ ይከተለዋል። አንድ የተመረዘ ሬሳ የስንቱ ማዕድ እንደሚሆን አስቡት።

ከዞናችን ከምዕራብ ሸዋ ከተሞች በአንዱ የውሻ ዘመቻ በተደረገ ማግስት ሬሳው የተጣለበት ሜዳ ላይ ቆሜ ያየሁት ዛሬም ከዓይኔ አይጠፋም። ውሾቹ መሃል ጥንብ አንሳዎች ክንፋቸው እንደተዘረጋ ወድቀዋል። አንዱ ገና አልሞተም፤ አንገቱን ወደ ኋላ ቆልምሞ፣ ጥፍሩ ተጨብጦ፣ መነሳት እያቃተው ይፍጨረጨራል። ያንን የሚያህል ክንፍ መሬት ለመሬት ሲጎተት ማየት አንጀት ይበላል። ጉዳዩ ወደሚመለከተው ሰው ሄጄ ነገርኩት። «አሞራ ነው እኮ ወንድሜ፣ ምን ችግር አለው?» አለኝ። ሰውየው ክፉ ሰው አይደለም። ሁላችንም ስንለው የኖርነውን ነው የደገመልኝ። የሚያስቆጣኝም ይኸው ነው። ያ ሜዳ ላይ የወደቁት እርግቦች ቢሆኑ ኖሮ ከተማው በሙሉ ያለቅስ ነበር፤ ካህኑ ይገስጽ ነበር፤ ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። ጥንብ አንሳ ስለሆነ አፈር እንኳ ያለበሰው የለም።

እርግብ ብትሞት ዘሯ ይተካል፤ ሁለት እንቁላል ጥላ በሦስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ትፈለፍላለች፣ ወዲያው ደግሞ ትደግማለች። ጥንብ አንሳው በዓመት የሚጥለው አንዲት እንቁላል ናት። ሃምሳ ቀን ያህል ይታቀፋታል። ጫጩቱ ለመብረር ሦስትና አራት ወር ይፈጅበታል፤ እስከዚያ እናትም አባትም እየተፈራረቁ ይመግቡታል። ከሁለቱ አንዱ የተመረዘ ሬሳ በልቶ ከቀረ ጎጆው ውስጥ ያለው ጫጩት በረሃብ ይሞታል። ስለዚህ በአንድ ሌሊት የተበተነ መርዝ ያወደመውን ወፍ ዓመታት አይመልሱትም። ይህን የሒሳብ ልዩነት ያልተረዳ ሰው «አሞራ ሞልቷል» ይላል። ሞልቶ ነበር።

መርዝ የገደለው የእኛን ሀገር ወፍ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ አፍሪካ ጥንብ አንሳዎች የወጣ ሰፊ ጥናት፣ ከተመዘገቡት የጥንብ አንሳ ሞቶች 61 በመቶ ያህሉን ያደረሰው መርዝ መሆኑን አሳይቷል። በሰኔ 2019 እ.ኤ.አ. ቦትስዋና ውስጥ አዳኞች በመረዟቸው የዝሆን ሬሳዎች ዙሪያ 537 ጥንብ አንሳዎች ሞተው ተገኙ። በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ በጊኒ ቢሳው ከ2,000 በላይ የሚሆኑ፣ የእኛው ከተሞች ዓይነት ጥንብ አንሳዎች ተመርዘው አለቁ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሰው እንዴት መርዝ በእጁ ይዞ በሰላም ይተኛል?

ለእኛ ከሁሉም የሚበልጠው ትምህርት የህንድ ነው። በህንድ ሰማዩን ሸፍነው የነበሩ ጥንብ አንሳዎች በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በድንገት ማለቅ ጀመሩ። ነጭ ጀርባ ያለው ዝርያ በ15 ዓመት ውስጥ ከአንድ ሺህ አንድ ብቻ እስኪቀር ወረደ። ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ታወቀ፤ ለታመመ ከብት ማስታገሻ ተብሎ የሚሰጥ ዲክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት ነበር። መድኃኒቱን ወስዶ የሞተ ከብት የበላ ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ ተበላሽቶ ይሞታል። ህንድ መድኃኒቱን ለከብት እንዳይውል የከለከለችው በ2006 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ እስከዚያ የከብቱ ሬሳ ሜዳ ላይ በስብሷል፣ ውሃው ተበክሏል፣ ጥንቡን የወረሱት ውሾች በሚሊዮን ተራብተዋል። ኢያል ፍራንክና አናንት ሱዳርሻን የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች በ2024 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከ2000 እስከ 2005 ባለው ጊዜ ብቻ ጥንብ አንሳ በመጥፋቱ ምክንያት የተጨመረውን የሰው ሞት ግማሽ ሚሊዮን ገደማ አድርሰውታል። ግማሽ ሚሊዮን ሰው! በጦርነት አይደለም፣ በድርቅ አይደለም፤ ማንም የማይወደው ወፍ ስለጠፋ ነው።

ይህ የሩቅ ሀገር ወሬ የሚመስለው ካለ የራሳችንን ቄራዎች ይይ። እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2019 በኢትዮጵያ ቄራዎች ላይ የተደረገ ጥናት ያረጋገጠው ይህንኑ ነው፤ በቄራው ተረፈ ምርት ላይ የሚወርደው ጥንብ አንሳ እየቀነሰ፣ የውሻው ቁጥር ደግሞ እየጨመረ መጥቷል። እንግዲህ የምናደርገውን ተመልከቱ። ውሻ በዛ ብለን እንመርዛለን፤ መርዙ ጥንብ አንሳውን ይገድላል፤ ጥንብ አንሳው ሲሞት ጥንቡ ለውሻ ይተርፋል፤ ውሻው ይበዛል፤ እንደገና እንመርዛለን። ለዚህ ደግሞ ከሕዝብ ገንዘብ በጀት ይመደባል።

«ሰው በሚሞትበት፣ ሰው በሚፈናቀልበት ዞን ስለ አሞራ ትጽፋለህ?» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። ጥያቄውን አከብራለሁ፤ ምዕራብ ሸዋ ያየውን መከራ አብሬ አይቻለሁና። መልሴ ይህ ነው፤ የምጽፈው ስለ ሰው ነው። በውሻ የሚነከሰው ማን ነው? መኪና ያለው ባለሥልጣን አይደለም። ጠዋት በእግሯ ትምህርት ቤት የምትሄድ የድሃ ልጅ ናት። ቄራ አጠገብ ከብት የሚጠብቅ እረኛ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ማዳኛ የለውም፤ ሁሉም ይሞታል ቢባል ማጋነን አይደለም። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጋ ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ከዚህ ውስጥ አብዛኛው የእስያና የአፍሪካ ገጠር ሰው ነው፣ ከአሥሩ አራቱ ልጆች ናቸው። ለተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለሩብ ሰዓት ማጠብና ሳይዘገዩ ክትባት መጀመር ሕይወት ያድናል። ከአንድ የገጠር ቀበሌ ወይም ከጭልሞ ጫካ ጀርባ ተነስታ ልጇን አዝላ ክትባት ፍለጋ አምቦ የምትመጣ እናት ግን ሩብ ሰዓት ሳይሆን ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ናት። ለእሷ ከሁሉ የሚሻለው ልጇ መጀመሪያውኑ አለመነከሱ ነው። ስለ ጥንብ አንሳ መከራከር ለዚያች እናት መከራከር ነው።

ደግሞስ መርዙ የእብድ ውሻ በሽታን አስቀርቷል? አላስቀረም። የዓለም ጤና ድርጅት ውሻ በመግደል ብቻ በሽታው እንደማይጠፋ ደጋግሞ ተናግሯል። አንዱ ውሻ ሲሞት ቦታውን ሌላ፣ ያልተከተበ ውሻ ከአጎራባች ቀበሌ መጥቶ ይይዘዋል። በሽታውን የሚበጥሰው ክትባት ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶውን መከተብ ሰንሰለቱን ይቆርጣል። ብዙ ሀገሮች የተገላገሉት በዚህ መንገድ ነው። ዓለም እ.ኤ.አ. በ2030 በውሻ ንክሻ በሚመጣ እብደት የሚሞት ሰው እንዳይኖር ግብ አስቀምጧል። መርዝ መግዢያ ገንዘብ ካለን የክትባት መግዢያ አለን ማለት ነው።

ስለ እምነትም ልናገር። «ርኩስ ወፍ ነው» የሚለኝ አማኝ ብዙ ነው። ኦሪት እንዳይበሉ ከከለከለቻቸው ወፎች አንዱ እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን አትብሉት ማለት ግደሉት ማለት አይደለም። እንዲያውም የተከለከለው ሥራውን እንዲሠራ ይመስለኛል፤ ይህን የምለው እንደ ምእመን ነው እንጂ እንደ መምህር አይደለም። ጎጆው ላይ አሞራ ካረፈ መርዶ ይመጣል የሚል ወሬም ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ኖሬአለሁ። መርዶ የሚያመጣው ወፉ አይደለም፤ ወፉ የሚመጣው የወደቀ ነገር ስላለ ነው። የኦሮሞ ሽማግሌዎች ሰፉ ብለው የሚያከብሩት ሥርዓት አለ፤ ሰው በሰው ላይ ብቻ ሳይሆን በፍጥረት ሁሉ ላይ የማያልፈው ድንበር እንዳለው የሚያስተምር ነው። የተመረዘ ሬሳ ሜዳ ላይ ጥሎ የሰማይን ወፍ መጨረስ ሰፉን መጣስ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ካህናት አባቶቼ፣ ፓስተሮች፣ ሼሆች፣ አባ ገዳዎች፣ ይህን በየአደባባያችሁ ተናገሩልኝ። ሕዝባችን ከእኔ ይልቅ እናንተን ይሰማል።

ካህናቱን የምማጸናቸው ሌላም ነገር አለ። ጥንብ አንሳ ጎጆውን የሚሠራው ረጅም፣ የቆየ ዛፍ ላይ ነው፤ ያንኑ ጎጆ ደግሞ በየዓመቱ ይመለስበታል። ከሆለታ እስከ ጌዶ ባለው መንገድ ዳር የቀረን ዛፍ በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍን አልረግምም። አዲስ ዓለም የምኒልክ አዲስ ዋና ከተማ እንድትሆን ታስባ ሳለ አዲስ አበባ እንዳትነሳ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይኸው ዛፍ ነው ይባላል። ነገር ግን በጥቂት ዓመት እየተቆረጠ አጣና ለሚሆን ዛፍ ማን ጎጆ ያምነዋል? ጽዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው የቀረው በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥርና እንደ ጭልሞ ባለ የተጠበቀ ጫካ ውስጥ ነው። አዲስ ሕንፃ ልትሠሩ ያንን ዛፍ ስትቆርጡ፣ ለእርግቧ አዲስ ጣሪያ እየሰጣችኋት ነው፤ ለጥንብ አንሳው ግን ቤቱን አፈረሳችሁበት። እባካችሁ አንድም ዛፍ አትንኩ።

ከዚህ ዞን አልፎ ወደ ወንጪ ሐይቅ ለሚሄደው ጎብኚ አንዱ መንገድ በአምቦ ነው። ወንጪ እ.ኤ.አ. በ2021 ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ተብላ ከተመረጠች ወዲህ መንገደኛው ጨምሯል። ወፍ ሊያይ የሚመጣው የውጭ ሰው ነጭ አንገቷን እርግብ በደብተሩ ላይ በደስታ ይመዘግባታል፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ አያገኛትምና። ጥንብ አንሳውንም እኩል በደስታ ይመዘግበዋል፤ በዓለም ላይ እያለቀ መሆኑን ስለሚያውቅ። እኛ ግን ከሁለቱ አንዱን ብቻ የእኛ እንላለን።

የእንስሳት ሐኪም ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በተለይ በጉደር ማሞ መዘምር ካምፓስ ተምራችሁ በየወረዳው የተበተናችሁ፣ ዲክሎፌናክን ከብት ላይ አትጠቀሙ። ሜሎክሲካም ለከብቱ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ጥንብ አንሳውን አይገድልም። ገበሬው የሞተበትን ከብት መርዝ ጨምሮ ለጅብ ወጥመድ እንዳያደርገውም እናንተ ንገሩት፤ ለጅብ የተጠመደ መርዝ የሚገድለው ጅብን ብቻ አይደለም። የቄራ ኃላፊዎች፣ ጥንቡ የሚጣልበትን ቦታ ውሻ እንዳይገባ እጠሩት፤ አጥር የሚከለክለው ውሻን ነው፣ በራሪውን አይደለም። ኢትዮጵያ ስደተኛ የዱር እንስሳትን ለመጠበቅ የተደረገውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ተቀብላለች፤ የዚሁ ስምምነት አባል ሀገሮች በጥቅምት 2017 እ.ኤ.አ. ማኒላ ላይ ተሰብስበው የአፍሪካን፣ የእስያንና የአውሮፓን ጥንብ አንሳዎች ለማዳን የ12 ዓመት ዕቅድ አጽድቀዋል። ዕቅዱ መርዝን በግንባር ቀደም ጠላትነት ፈርጆታል። ዘመኑም ሊያልቅ የቀረው ጥቂት ነው። ይህ ወረቀት አዲስ አበባ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ እዚህ ሜዳ ላይ ወፍ ይረግፋል።

የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ከንቲባዎች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ለውሻ ማጥፊያ የሚመደበውን ገንዘብ ለውሻ መከተቢያ አዙሩት። ከዚህ በፊት መርዝ የተጠቀማችሁ ካላችሁ መርዙ ከየት እንደተገዛ፣ በማን ፈቃድ እንደተበተነ፣ ሬሳው የት እንደተጣለ ለሕዝብ ግለጹ፤ የቀረ መርዝ ካለም ለሚመለከተው አስረክቡ። ከመጪው መስቀል በፊት ይህን ጥያቄ በደብዳቤ ጽፌ፣ ስሜን ፈርሜ፣ ከአምቦ ጀምሬ በየቢሮአችሁ አስገባለሁ፤ የምትሰጡኝንም መልስ፣ የምትነፍጉኝንም መልስ እዚሁ አወጣዋለሁ።